ሉዶ ላይ የሚነሳውን ጭቅጭቅ ለልጆቹ ተዉላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ጋዜጣችሁን ደግሞ ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞ ስለሚመጣ አንብቦ ሳይጨርስ እቀማዋለሁ። ሰሞኑን ስለ ልጆችና ስለ ሞባይል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አይቼዋለሁ፣ በደንብ ነው የተጻፈው፣ ቅሬታ የለኝም። ግን እኮ መጨረሻው ላይ ወላጆች ለልጆቻቸው አማራጭ ጨዋታ ያቅርቡ ብላችሁ አራት ነጥብ አድርጋችሁ ሄዳችሁ። የቱን አማራጭ? እንዴት አድርጎ? ያንን ያነበበ ወላጅ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ፣ ከወላጅ ጋር ነው የምውለው፣ ቀጥታ ሱቅ ሄዶ ላዩ ላይ "ኤዱኬሽናል" የሚል የተለጠፈበት ውድ ካርቶን ይገዛል፣ ልጁን ምንጣፍ ላይ ያስቀምጥና በል ተጫወት ይለዋል፣ ራሱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ቲክቶክ። ከዛ በሳምንቱ መጥቶ "ቲቸር፣ የኛ ልጅ እኮ ጨዋታ አይወድም" ይለኛል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። እነ ሉዶ፣ ዳማ፣ ገበጣ፣ እባብና መሰላል፣ ካርታም ቢሆን፣ ለልጅ ጠባይ የሚጠቅሙት በሰሌዳቸው ወይም በካርቶናቸው አይደለም፣ ሲጫወቱ በሚነሳው ጭቅጭቅ ነው። አዎ፣ በጭቅጭቁ። እኛ "ኤጭ፣ ደሞ ጀመራችሁ!" ብለን ሰሌዳውን የምንሰበስብባት ሰዓት፣ ልጁ ንዴቱን መዋጥ፣ የሌላውን ሐሳብ መስማት፣ የራሱን ማስረዳት የሚለማመድባት ሰዓት እሷው ናት፣ እና እኛ እዛች ላይ ነው የምናቋርጠው።

ላስረዳ። ክረምት ላይ ዝናቡ አላስወጣ ብሎ የኔዎቹና የጎረቤት ልጆች እኛ ሳሎን ሉዶ ይዘው ተቀምጠዋል፣ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትልቁ አስራ አንድ። ትልቁ የጎረቤት ልጅ ዳይሱን በሁለት እጁ አፍኖ አንቀጥቅጦ አንቀጥቅጦ ሲለቀው ተንከባሎ ከምንጣፉ ወጣና ቡፌው ስር ገባ። ሁሉም በሆዳቸው ተኝተው ያያሉ፣ ስድስት ነው። በቃ ቤቱ ተደበላለቀ። "ስድስት ነው፣ ወጣሁ!" "አይቆጠርም፣ ወድቋል!" "የት ነው የወደቀው፣ መሬት ላይ እኮ ነው የምንጫወተው!" እኔ ኪችን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው፣ ሄጄ ልገላግል ብዬ ተውኩት። ሲጯጯሁ ሲጯጯሁ ቆይተው የኔው ትልቁ "እሺ፣ ከአሁን በኋላ ከምንጣፉ ከወጣ ድጋሚ ይጣላል፣ የአሁኑ ግን ይቆጠርለት፣ ምክንያቱም ሕጉ አልነበረም" አለ። ማን አስተማረው? ሕግ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም ማለቱ እኮ ነው፣ ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው! ትንሽ ቆይቶ ደሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ የራሱ ዳይስ ከምንጣፉ ወጣ፣ ያውም ስድስት ሆኖ፣ ያውም አንድ ጠጠር ብቻ ቀርቶት። ፊቱን አየሁት። መጀመሪያ ዳይሱን አየ፣ ከዛ ልጆቹን በየተራ አያቸው፣ ከንፈሩን ነከስ አድርጎ አነሳና ድጋሚ ጣለው። ሁለት መጣለት። ማንም ምንም አላለም፣ ተራው አለፈ።

ይህንን ነገር እኔ ክፍል ውስጥ "ልጆች፣ ቃላችንን እናከብራለን አይደል?" ብዬ "አዎ ቲቸር" እያስባልኩ ዓመቱን ሙሉ ብለፋ አላመጣውም።

ደግሞ ይሄ የኔ ግኝት አይደለም። ዣን ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ የሥነ ልቦና ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናቱ ብይ የሚጫወቱ ልጆችን አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሕጉን ማን አወጣው፣ መቀየርስ ይቻላል ወይ እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ትንንሾቹ ሕጉ ከትልልቅ ሰው፣ አንዳንዴም ከፈጣሪ የመጣ፣ የማይነካ ነገር ነው ይሉታል፣ የሚገርመው ግን ሲጫወቱ አያከብሩትም፣ እያንዳንዱ እንደፈለገው ነው የሚጫወት። ከፍ ያሉት ደግሞ ሕጉ እኛው የተስማማንበት ነው፣ ሁላችን ከተስማማን እንቀይረዋለን ይላሉ፣ እና እነሱ ናቸው የሚያከብሩት። እኔ ይሄን ሳነብ የኛ ሀገር ትልልቅ ሰዎችም ብዙዎቻችን ገና ትንንሾቹ ጋ እንደቆምን ነው የታየኝ፣ ይሄን ግን ሌላ ቀን እንጫወታለን።

ለዚህ ነው "ሉዶ እኮ በሞባይልም አለ፣ ያው አይደለም ወይ" የሚሉኝን የማልስማማው። ያው አይደለም። የሞባይሉ ሉዶ ዳይሱን ራሱ ይጥላል፣ ጠጠሩን ራሱ ያንቀሳቅሳል፣ ተራህ ካልሆነ ብትነካውም አይሰማህም። ማጭበርበር አይቻልም ማለት ነው። ማጭበርበር ካልተቻለ ደሞ አለማጭበርበርን በምን ትማረዋለህ? ተራ መጠበቅስ ቢሆን ስልኩ ነው የሚያስጠብቀው እንጂ ልጁ መቼ ጠበቀ። ምንጣፉ ላይ ግን አራት መጥቶለት አምስት ሊሄድ ይችላል፣ እህቱ ሽንት ቤት ስትሄድ ጠጠሯን ወደኋላ ሊገፋ ይችላል፣ ማንም ላያየው ይችላል፣ እና እዛች ቦታ ላይ ብቻውን ከራሱ ጋር ነው ያለው። አንዳንዴ ይገፋታል። እሷም ተመልሳ "እዚህ አልነበርኩም!" ትላለች፣ እሱም "ነበርሽ" ይላል፣ እዚህ ጋ ሌሎቹ የማን ቃል ይታመን እንደሆነ መወሰን አለባቸው፣ ከዛ ቀን በኋላ "እሱን እዩት፣ ያጭበረብራል" የሚል ስም ይወጣለታል፣ ያንን ስም ለማስረሳት ደሞ ስንት ቀን ንጹህ ሆኖ መጫወት አለበት። ይሄ ሁሉ ትምህርት ስልኩ ላይ የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልምጣ፣ ወላጆች ሆን ብለው ስለሚሸነፉት ነገር። ወይኔ ይሄ ነገር! አባት ከልጁ ጋር ዳማ ይጫወታል፣ ልጁ ሊያለቅስ ሲል አውቆ ያስበላል፣ ልጁም "አባዬን በላሁት!" ብሎ ሰፈር ይዞራል። ከዛ እኔ ክፍል ይመጣል፣ እኔ ክፍል ደሞ ማንም አያስበላለትም፣ አንዴ ሲሸነፍ ጉድ ፈላ።

ይሄን ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ አንድ ታሪክ አለ። ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትግራይ ሄዶ የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ነበር፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ሰንጠረዥ፣ የኛን የድሮ ቼዝ ማለቴ ነው፣ ይወዱ ነበር። ሶልት እንደጻፈው ጨዋታው ጸጥ ብሎ የሚካሄድ አይደለም፣ ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ፣ አገልጋዮቹም ሳይቀሩ፣ ይሄን አንቀሳቅስ ያንን ተው እያለ ይገባበታል፣ ጫጫታ ነው፣ ግን በመጨረሻ እንደምንም ተብሎ ራስ እንዲያሸንፉ ይደረጋል። ራስ ወልደ ሥላሴስ ራስ ናቸው፣ ማን ደፍሮ ይበላቸዋል! የኛ ቤት ልጅ ግን ራስ አይደለም። ሁሌ እያሸነፈ ያደገ ልጅ ማሸነፍን እንደ መብቱ ነው የሚያየው፣ ሰው ሲበልጠው የተሰረቀ ነው የሚመስለው።

በነገራችን ላይ የኛ የድሮው ሰንጠረዥ ከአሁኑ ቼዝ የሚለይበት አንድ ደስ የሚል ነገር አለው። ሲጀመር ተራ የለም፣ ሁለቱም ባንድ ላይ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ ወረራ ይባላል፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ። ከዛ በኋላ ነው ተራ የሚገባው። እስቲ ይሄን ከልጆች ጋር በቼዝ ሞክሩት፣ የሌላውን እጅ ማየት፣ አለመቸኮል፣ እሱ ምን አስቦ ነው ብሎ መገመት፣ ሁሉም ባንዴ ይመጣል፣ ሳቁም አለ።

ታዲያ ሕፃን ልጅን ጨክነን ሁሌ እንብላው ወይ? እንደሱ አላልኩም። መፍትሔው አውቆ መሸነፍ ሳይሆን ጨዋታውን መምረጥ ነው። እባብና መሰላል ላይ የአምስት ዓመት ልጅና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው እኩል ናቸው፣ ዳይስ ነው የሚወስነው፣ ልጅቷ በሐቅ ታሸንፋችኋለች፣ እናንተም በሐቅ ትሸነፋላችሁ። ጨዋታው ከህንድ የመጣ ነው፣ ድሮ መሰላሎቹ በጎ ምግባር፣ እባቦቹ ደግሞ ክፉ ጠባይ ይወክሉ ነበር፣ አሁን ሥዕል ብቻ ቀርቷል፣ ግን መቶ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው እባብ ውጦት ታች የወረደ ልጅ ፊት ላይ የሚታየው ነገር ያው ነው። ዳማና ቼዝ ላይ ደግሞ ትልቁ ከመጀመሪያው ጠጠር ይቀንስ፣ "እኔ በስምንት፣ አንተ በአስራ ሁለት" ብሎ በግልጽ፣ ልጁ እያወቀ። ከዛ የምሩን ይጫወት። ልጁ ሲያድግ ልዩነቱን ራሱ "ዛሬ በአስር ተጫወት" እያለ ያጠበዋል። ሳያውቅ የተሸነፉለት ልጅ ግን እንዳደገ በምን ያውቃል?

ዳማ ስል የሱቁን ማለቴ አይደለም። ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ሰሌዳ፣ ጠጠሩ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ፣ የአንዱ በፊቱ የሌላው በጀርባው የተደረደረ። ሰፈር ውስጥ ሊስትሮዎቹና ወያላዎቹ ሲጫወቱ አይታችሁ የለ። ወጪው ዜሮ ነው፣ ሰሌዳውን ልጁ ራሱ ካሰመረው ደሞ እንዴት እንደሚጠነቀቅለት ብታዩ!

ገበጣማ ጭራሽ ሰሌዳም አይፈልግም፣ መሬት ቆፍሮ ጠጠር መልቀም ነው። ኤርትራ ውስጥ መጠራ፣ ትግራይ ውስጥ ደግሞ የሐ የሚገኙት የገበጣ ቅሪቶች ከአክሱም ዘመን፣ ከ6ኛውና ከ7ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆኑ ይነገራል፣ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአካባቢው ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስቦ ሲጽፍ ከመቶ በላይ ሆነው ነው የተገኙት። ከመቶ በላይ! ባለ ሁለት መስመር አለ፣ ባለ ሦስት መስመር አለ፣ በየቤቱ ሦስት ጠጠር የሚገባበት አለ፣ አራት የሚገባበት አለ፣ ሲበላ እንዲህ ነው የሚባልበት፣ አይደለም እንዲያ ነው የሚባልበት። እንግዲህ የወሎ ልጅና የወላይታ ልጅ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለገበጣ ቢቀመጡ መጀመሪያ መጫወት አይችሉም፣ መጀመሪያ መነጋገር አለባቸው፣ "እናንተ ጋ እንዴት ነው?" መባባል አለባቸው። እኔ ክፍል ውስጥ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቆርጠን፣ ሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ቤት፣ በየቤቱ አራት አራት ባቄላ አድርገን እንጫወታለን፣ ሕጉን ከቤት ጠይቃችሁ ኑ እላቸዋለሁ። አንዷ ከአያቷ፣ አንዱ ከዘበኛቸው ጠይቆ ይመጣል፣ አንዱም ካንዱ አይገጥምም፣ ከዛ "ዛሬ በሷ አያት ሕግ፣ ነገ በሱ ዘበኛ ሕግ" እንባባላለን። የሷ አያት የተባሉት እንደ ንግሥት ነው ክፍላችን ውስጥ የሚጠሩት፣ ሴትዮዋ አያውቁም እንጂ።

ስለ መናደድ ደሞ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ወላጅ የሚፈራው እሱን ነው። ልጅ ተሸንፎ ሰሌዳውን ይገለብጣል፣ ዳይሱን ይወረውራል፣ "ሁለተኛ አልጫወትም!" ብሎ ጥግ ሄዶ ያኮርፋል። እንግዳ ካለ ደሞ እናት ታፍራለች፣ "ባለጌ! ይቅርታ ጠይቅ አሁኑኑ!" ጥፊም ሊከተል ይችላል። እኔ የማደርገው ይሄን ነው፦ አልከተለውም፣ አልለምነውም፣ ጨዋታውም አይፈርስም። ሌሎቹ ጠጠሩን እየለቀሙ የት እንደነበር እያስታወሱ ይመልሱታል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠጋ ብዬ "ተናደሃል አይደል፣ ለመጨረስ ትንሽ ነበር የቀረህ፣ ያናድዳል" እለዋለሁ፣ ከዛ እሄዳለሁ። ስሜቱ ስም ሲያገኝ ልጁ ትንሽ ቀለል ይለዋል። ከዛ በዓይኑ ማየት ይጀምራል፣ ከዛ ትንሽ ትንሽ ይጠጋል፣ ከዛ ካጠገብ ቆሞ "እሷ ተራዋ አይደለም እኮ" ብሎ መዳኘት ይጀምራል። መጣ ማለት ነው። ይቅርታውን ያኔ ሌሎቹ ራሳቸው "መጀመሪያ የጣልከውን አንሳ" ብለው ይቀበሉታል፣ ያቺ ከኔ ትእዛዝ አሥር እጥፍ ትበልጣለች።

ያሸነፈውም ልጅ መማር ያለበት ነገር አለ እንግዲህ፣ ሙድ መያዝ። "በላሁት በላሁት፣ ፋራ!" የሚለው። ይሄን ሙሉ በሙሉ መከልከል እኔ አይመስለኝም፣ ድንበር ማበጀት ነው። የድሮ ሰዎች ይሄን እንቆቅልሽ ላይ አስገብተውታል እኮ፣ ያልመለሰው "ሀገር ስጠኝ" ይባላል፣ ሀገር ይሰጣል፣ ያኛውም "ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ" ብሎ በሀገሩ ጠግቦ በልቶ ተሸናፊውን እንደፈለገ ይሰድበዋል፣ ሁሉም ይስቃል፣ ከዛ መልሱን ይነግረዋል፣ ስድቡ እዛው ያልቃል። ተሸናፊው መሰደቡን ያውቃል፣ ሰዳቢውም የት እንደሚያቆም ያውቃል። እኛ ቤት ሉዶ ላይም ያሸነፈ አንድ ጊዜ ተነስቶ ይጨፍራል፣ ከዛ ሰሌዳውን የሚሰበስበው እሱ ነው።

ልጆቹ ሁሌ እየተፎካከሩ ከሰለቻችሁ ደሞ ማስተባበርም ይቻላል። ውጭ ሀገር ተጫዋቾቹ ሁሉ ባንድ ላይ ሆነው ጨዋታውን የሚያሸንፉባቸው ሰሌዳዎች አሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓንዴሚክ የሚባለው ታዋቂ ነው፣ ወረርሽኙን ሁሉም ተጋግዘው ነው የሚያቆሙት፣ ካልቻሉም ሁሉም ይሸነፋሉ። እሱን ከየት እናምጣ ካላችሁ ሉዶዋን ገልብጡት። እሁድ ቡና ሲፈላ አቦል ሲቀዳ ይጀመር፣ በረካ ተጠጥቶ ሳያልቅ የአራቱም ቀለም ጠጠሮች በሙሉ ቤት ከገቡ ልጆቹ አሸነፉ፣ ካልገቡ ቡናው አሸነፈ። መብላት የለም፣ ስድስት የመጣለት ለፈለገው ይሰጣል። እዚህ ላይ ትንሿ ልጄ ለወንድሟ ስድስቷን ሰጥታው "ግን አስታውስ" ስትለው ነው የሰማሁት፣ ፖለቲከኛ ነው የምትሆነው መሰለኝ። አማቴ ደሞ ልጆቹ ሊሸነፉ ሲሉ ሲኒያቸውን ቀስ እያሉ ነው የሚጠጡት፣ እሳቸውን መከልከል አልቻልንም።

ስለ ካርታ ካነሳሁ የሚቆጡኝ ይኖራሉ፣ "ካርታ ቁማር ነው" ብለው። ብር ካለበት ቁማር ነው፣ እኔም አልወድም። ያለ ብር፣ በባቄላ ግን ክሬዚን የመሰለ የቤተሰብ ጨዋታ የለም፣ ሕጉም ሰፈር በሰፈር ስለሚለያይ ያቺ የምወዳት ጭቅጭቅ አትጠፋም። ኡኖ የሚባለውን ካርታ ታውቁት የለ፣ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ሲመጡ ይዘውት የሚመጡትን። ኦሃዮ ውስጥ መርል ሮቢንስ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ከልጁ ጋር በክሬዚ ሕግ ሲከራከር ነው እ.ኤ.አ. በ1971 የራሱን ካርታ የፈጠረው፣ ቤተሰቡ ብር አዋጥቶ አሳተመውና ከፀጉር ቤቱ ጀምሮ ሸጠው። እንግዲህ ያኔ ሚስትየዋ "ዝም በሉ አቦ፣ ካርታውን ሰብስቡ" ብላ ቢሆን ኖሮ ኡኖ አይኖርም ነበር።

ጊዜ የለንም ለሚሉት፣ እውነታቸውን ነው፣ እኔም ማታ ትራንስፖርት ተሰልፌ ነው የምገባው። ግን ግማሽ ሰዓት እኮ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? የኛ ቤት ምርጥ የሉዶ ምሽቶች መብራት የጠፋባቸው ናቸው፣ ሻማው መሐል ይቀመጣል፣ ዋይፋይ የለም፣ ባለቤቴም ማምለጫ የለውም። ደሞ አባቶች፣ እናንተን ነው፣ ጆተኒና ካራምቡላ ላይ ማንም ሳይጠራችሁ ትገኛላችሁ አይደል።

ትምህርት ቤቶችም ላይ ቅሬታ አለኝ። አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የጓደኛዬ ልጅ በእረፍት ሰዓት ቆርኪ ይዞ ዳማ ሲጫወት ተገኝቶ ቆርኪዎቹ ተወስደው ወላጅ አምጣ ተባለ። ጥፋቱ "ከትምህርት ጋር ያልተያያዘ ቁሳቁስ ይዞ መገኘት"። ኧረ በፈጠራችሁ! ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ላይ የመጫወት መብት አለ፣ የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ሰኔ 4 ቀንን ዓለም አቀፍ የጨዋታ ቀን ብሎ ሰይሞታል፣ እኛ ቆርኪ እንወርሳለን። ከትምህርት ጋር ያልተያያዘ ያሉትም ልክ አይደለም፣ ራማኒና ሲግለር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት አለ፣ ከድሃ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 በመስመር የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እየተመላለሱ ሲጫወቱ የቁጥር ችሎታቸው ጨመረ፣ ያው ሰሌዳ በቁጥር ፋንታ ቀለም ሲደረግበት ግን አልጨመረም። ልጆቹ 5 ላይ ቆመው ሁለት ከመጣላቸው "አንድ፣ ሁለት" ሳይሆን "ስድስት፣ ሰባት" እያሉ ነበር የሚሄዱት። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ይቺን ያዙልኝ፣ ብዙዎቹ የቆሙበትን ቤት ራሱን አንድ ብለው ነው የሚቆጥሩት፣ ወንድሞቻቸው ደሞ "አጭበረበርሽ" ይሏቸዋል፣ ማጭበርበር አይደለም፣ ገና አልገባቸውም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ነው። የጋዜጣችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ግማሽ ገጽ ማስታወቂያ ነው፣ ገቢያችሁ ነው አውቃለሁ። ግን በወር አንዴ እዛ ቦታ ላይ ተቆርጦ ካርቶን ላይ የሚለጠፍ ሰሌዳ አትሙልን። አንድ ወር ሉዶ፣ አንድ ወር እባብና መሰላል በአማርኛ ቁጥርና በፈረንጅ ቁጥር፣ አንድ ወር ዳማ፣ አንድ ወር የገበጣ ሕግ ከአንድ አካባቢ፣ በሚቀጥለው ከሌላ አካባቢ፣ አንባቢ ራሱ ይልክላችኋል፣ ፖስታችሁ ነው የሚሞላው። ዳይስ ለሌለው ቤት ታጥፎ የሚሠራ ስድስት ጎን ያለው ወረቀት ጥግ ላይ ጨምሩበት፣ ጠጠሩ ቆርኪና ባቄላ ነው፣ እሱን አታስቡ። ካሬዎቹን ግን አታሳንሱብን፣ የቆርኪ ስፋት ይኑራቸው፣ ባለፈው ዓመት አንድ መጽሔት ያወጣው ሰሌዳ ላይ ምስር እንኳን አይቀመጥም ነበር።

ሕጉን ስትጽፉ ደሞ አሳጥራችሁ ጻፉት፣ ሁሉን ነገር አትጨርሱት። ከስሩ "የቤታችን ሕግ" በሉና ሦስት አራት ባዶ መስመር ተዉ፣ ልጆቹ ተጨቃጭቀው ይሞሉታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
አዲስ አበባ